መርሐቤቴ ላይ የተገኘ ፎሲል ተረካቢ ይኑረው

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ አዲስ አበባ
ግልባጭ፦ ለሰሜን ሸዋ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ። በጥምቀት ሰሞን ቤተሰብ ጥየቃ ዓለም ከተማ ሄጄ ነበር። የአክስቴ ልጅ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የጣት ጫፍ የምታክል አምበር ናት፤ አምበር ማለት በረጅም ዘመን የጠነከረ የጥንት ዛፍ ሙጫ ነው። የስልኬን መብራት ከሥሯ ሳበራ ማር መሰለች። መሃሏ ላይ አንዲት ጉንዳን አለች። እግሮቿ ተዘርግተዋል። ዛሬ ጠዋት ሙጫ ይዟት የቀረች ነው የምትመስለው።

"ምን ልታደርጋት ነው?" አልኩት።

"ቅዳሜ ነጋዴው ይመጣል" አለኝ።

ልቆጣው አልቻልኩም። ከዚያ በፊት ሌላ ቁራጭ ይዞ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ ነበር። የሚመለከተው ሰው የለም ተባለ። በሳምንቱ ሲመለስ ሌላ ቀጠሮ ሰጡት። የትራንስፖርቱን ከኪሱ ከፍሎ፣ የሥራ ቀኑን አቃጥሎ ቀረ። ነጋዴው ግን ቤቱ ድረስ መጥቶ ብር ይቆጥርለታል።

ፎሲል ሲባል የሁላችንም ሐሳብ አፋር ይሄዳል፣ ሉሲ ጋ። የእኛ ሸለቆዎችም ግን ባዶ አይደሉም። ከጀማ ሸለቆ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የዳይኖሰር ጥርስ ወጥቷል። ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው የሙሽ ሸለቆ ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጉ ቅጠሎች በድንጋይ ላይ ታትመው ይገኛሉ። ነፍሳት የበሉት ቀዳዳ ሳይቀር ይታያል።

ስለ አካባቢያችን አምበር ትንሽ ልቆይ። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎች ዕድሜው 95 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው ብለው ጻፉ። በኋላ ግን አምበሩ የነበረበት ደለል ውስጥ ያለው የአበባ ብናኝና በአምበሩ ውስጥ ያሉት ነፍሳት ሲመረመሩ፣ ዕድሜው ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት መሆኑ ታወቀ። ልዩነቱን አስቡት! ይህ እርማት የመጣው አምበሩ ከየትኛው አፈር እንደወጣ መከታተል ስለተቻለ ነው። በነጋዴ ከረጢት ተደባልቆ አዲስ አበባ የገባ አምበር ግን ከየትኛው ገደል እንደወጣ ማን ይናገራል? ጉንዳኗ ብትተርፍ እንኳ ታሪኳ ተቆርጦ ይቀራል።

ሕግ የለም አልልም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ተፈጥሮ ዝግመተ ለውጥ የሚመሰክርን ነገር ጭምር ቅርስ ይለዋል። አንቀጽ 41 ደግሞ በቁፋሮም ሆነ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለእናንተ እንዲያሳውቅና እስክትረከቡት ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። ላስረከበም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው፣ ወጪውም እንዲተካለት ይላል። ይህን ለአክስቴ ልጅ ሳነብለት አላመነኝም። "ሽልማት? ለእኔ?" ነው ያለው። ያው አንቀጽ እናንተ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰዳችሁ፣ አግኚው ለክልሉ ባለሥልጣን በጽሑፍ አሳውቆ ከኃላፊነት ነፃ እንዲሆንም ይፈቅዳል። ስድስት ወር ዝም ካላችሁ ቅርሱ ጠባቂ አጣ ማለት ነው።

የምጠይቀው ሙዚየም አይደለም፤ ለእሱ እንደርስበታለን። አምበር በሚወጣባቸው ወረዳዎች አንድ የሠለጠነ ተረካቢ መድቡ። የሚቆለፍ ሳጥንና መዝገብ ይኑረው። መዝገቡ ላይ ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ የአፈሩ ዓይነት ይጻፍ፤ አግኚው ደግሞ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ይዞ ይሂድ። ሽልማቱም ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይነገር፣ በዚያው ወርም ይከፈል። አንድ ዓመት የሚጠበቅ ብር ከነጋዴው አያሸንፍም።

ከማዕድን ሚኒስቴርም ጋር ተነጋገሩ። አምበር ለጌጥ ይሸጣል፣ ብዙ ወጣት ይተዳደርበታል። ይህን እንጀራ የሚዘጋ መመሪያ ካመጣችሁ ሁሉም ነገር ሌሊት ሌሊት ይወጣል። ውስጡ ነፍሳት ወይም ቅጠል ያለበት ለእናንተ ይምጣ፣ ንጹሑ ለገበያ ይሂድ። ቆፋሪዎቹ ልዩነቱን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ጉንዳኗ እስካሁን አልተሸጠችም። ለምኜ ነው ያስቆየኋት። ነጋዴው ሁለት ጊዜ ጠይቋል። የት እና ለማን እንደምትሰጥ ንገሩን፤ የአክስቴን ልጅ ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር