ከመስከረም በፊት በትምህርት ቤት በር ላይ መኪና ፍጥነቱን ይቀንስልን

ይድረስ ለአዲስ አበባ ከተማ የትራንስፖርት፣ የትራፊክና የትምህርት ኃላፊዎች፦

ጤና ይስጥልኝ። ጊዜያችሁን ሳልሻማ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ክረምቱ እየተገባደደ ነው፣ የተማሪ ምዝገባም ደርሷል። መስከረም ሲጠባ መንገዱ እንደገና በዩኒፎርም ይሞላል። ከዚያ በፊት በየትምህርት ቤቱ በር ላይ የመኪና ፍጥነት በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድበትን ሥራ ሥሩልን። የምጠይቀው ይህንን ነው። ልጆቻችን በእግራቸውና በሳይክላቸው ትምህርት ቤት ደርሰው እንዲመለሱ ከፈለግን መጀመር ያለብን ከዚያ በር ይመስለኛል።

ይህ ከተማ የእግረኛ ከተማ መሆኑን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። በትራፊክ አደጋ ከሚሞተውም ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ብዙ ጊዜ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ቦርሳውን አዝሎ፣ የታናሹን እጅ ይዞ በእግሩ ይሄዳል። አቅም ያለው ወላጅ ለሰርቪስ ይከፍላል ወይም በራሱ መኪና ያደርሳል። "ቤታችሁ እኮ ቅርብ ነው፣ ለምን በእግሩ አይሄድም?" ብትሉት "መኪናውን ፈርቼ" ይላችኋል። አልፈርድበትም። ግን እያንዳንዱ ወላጅ መኪና ፈርቶ ልጁን በመኪና ሲያመላልስ በሩ ላይ መኪናው እየበዛ ይሄዳል፣ በእግሩ የሚመጣው ልጅ ደግሞ ለባሰ አደጋ ይጋለጣል።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማችሁ እዩ። ሰርቪሱ ደርቦ ቆሟል፣ የቤት መኪናው ዜብራው ላይ ወጥቷል፣ ከኋላ ሚኒባሱ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ልጁ በሁለት የቆሙ መኪኖች መሀል አንገቱን አስግጎ ሊሻገር ይሞክራል። የሰባት ዓመት ልጅ ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ ሲወጣ ሾፌሩ አያየውም፣ እሱም ሾፌሩን አያይም።

እኛ ደግሞ መፍትሔውን ሁልጊዜ ልጁ ላይ ነው የምንጥለው። "ግራ ቀኝ አይተህ ተሻገር" እንላለን። ማለታችን ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። የተማሪ ትራፊኮችም ጓደኞቻቸውን ለማሻገር በዝናብም በፀሐይም የሚቆሙ ልጆች ናቸውና ትልቅ ክብር አለኝ። ነገር ግን ትንሽ ልጅ የሚመጣው መኪና ምን ያህል እንደሚፈጥን መገመት ይቸግረዋል፣ ዕድሜው ገና ነው። አንጸባራቂ ሰደርያ ስላለበሰነው ብቻ አንድ ልጅ ከቁልቁለት የሚመጣ ሲኖትራክ እንዲያስቆም መጠበቅ ደግሞ በፍጹም ልክ አይደለም። እዚያ ቦታ ላይ የሠለጠነ አዋቂ መቆም አለበት።

ስለ ፍጥነት ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር እሱ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሾፌር ልጅ ድንገት ሲገባበት አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ደህና ከሆነ በ13 ሜትር ገደማ ውስጥ ሊቆም ይችላል። በ50 የሚነዳው ግን ከ25 ሜትር በላይ ይፈጅበታል። ልጁ 15 ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ የመጀመሪያው ቆሞ ይደነግጣል፣ ሁለተኛው ይገጨዋል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. ስቶክሆልም ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የመንገድ ደህንነት ጉባኤ የወጣው መግለጫም እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ቦታ የፍጥነት ጣሪያው 30 እንዲሆን የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ምልክት ብቻ ተክላችሁ እንዳትሄዱ አደራ። የዜብራ ቀለም ደግሞ ዝናቡና ጎማው ተባብረው ያጠፉታል። የምንፈልገው ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ የተሠራ መሻገሪያ፣ ከበሩ በፊትና በኋላ ብሬከር፣ በበሩ ዙሪያ መኪና እንዳይቆም የሚከለክሉ አጫጭር ምሰሶዎች ነው። ሾፌሩ ትራፊክ ፖሊስ ኖረም አልኖረም ይቀንሳል፣ አለዚያ መኪናው ይጎዳበታል።

ይህ የሀብታም አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዳሬሰላም ውስጥ አሜንድ የሚባል ድርጅት ልጆች በብዛት የሚገጩባቸውን ትምህርት ቤቶች እየለየ መሻገሪያ፣ ብሬከርና የእግረኛ መንገድ ሠርቷል። አንዳንድ ቦታ ላይ ያደረጉት የትምህርት ቤቱን በር ከዋናው መንገድ ላይ አንስቶ ጸጥ ወዳለው መንገድ ማዞር ነው። በቃ፣ በር ማዞር! ሥራው በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የከተሞች ሽልማት አግኝቷል። በእኛም ከተማ በሩ አስፋልት ላይ ሆኖ ጀርባው የኮብልስቶን መንገድ የሆነ ትምህርት ቤት አይጠፋም። በየወረዳው ዞር ዞር ብላችሁ ቁጠሩልን።

የኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና የሳይክል መስመር አምጥቷል፣ በዚህ እናመሰግናለን። እሁድ እሁድ ልጆች እዚያ ላይ ሲነዱ ማየት ደስ ይላል። ግን መስመሩ ዋና ዋናውን ጎዳና ይዞ ነው የሚሄደው። ልጁ የሚኖረው ውስጥ ለውስጥ ነው፣ ትምህርት ቤቱም እንደዚያው። ስለዚህ ቀጣዩ መስመር ሲታሰብ ቢያንስ በአቅራቢያው ያሉትን ትምህርት ቤቶች ከዋናው ጋር የሚያገናኝ ቁራጭ ይጨመርበት። የአዲስ አበባ ልጅ ሳይክል አይወድም የሚል ካለ፣ በየሰፈሩ በዙርና በደቂቃ የሚያከራዩትን ልጆች ይጠይቅ። ዳገቱ አስቸጋሪ ነው፣ እውነት ነው፣ ግን ሁሉም ሰፈር እንጦጦ ሥር አይደለም። ቦሌ፣ ሰሚትና ገርጂ አካባቢ ብዙው ሜዳ ነው። ባህር ዳርና ሐዋሳ ላይ ተማሪ በሳይክል መሄድ የተለመደ ነው።

ለትምህርት ቢሮ ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛው፣ ግቢ ውስጥ ሳይክል የሚታሰርበት ብረት ይሠራ፣ ጥበቃውም ይወቀው። ልጁ ሳይክሉ ይሰረቅብኛል ብሎ እየሰጋ መማር አይችልም። ሌላው፣ የአንድ ሰፈር ልጆች ተሰብስበው ከአንድ ወላጅ ጋር ተራ በተራ በእግር የሚሄዱበትን አሠራር ትምህርት ቤቶቹ ያስተባብሩ። ድሮም ትልቁ ትንሹን እየመራ ነው የሄድነው፣ አሁን የጎደለው አዋቂውና ሰዓቱ ነው።

እኛም ቁጭ ብለን አንጠብቅም። የወላጅ መምህር ኅብረት አለ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ የሚቆም ወላጅ በተራ እንመድባለን። ከእናንተ ሥልጠናውን፣ ሰደርያውንና ሾፌሩ ሲያየው የሚቆምለትን ሥልጣን ነው የምንፈልገው። በነሐሴ መጨረሻ ላይ የትኞቹ ትምህርት ቤቶች ቅድሚያ እንዳገኙና ሥራው መቼ እንደሚጀመር በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ወላጅ