ልጆቻችን የቤት ስቱዲዮ ሲከፍቱ መጀመሪያ ምን ይግዙ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ከሚወስደው መንገድ ጀርባ የምኖር የኪቦርድ አስተማሪ ነኝ። በወጣትነቴ ከባንድ ጋር በሠርግም በምሽት ቤትም ሠርቻለሁ። አሁን የሰፈር ልጆችን ቤቴ አስተምራለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእነሱና ለወላጆቻቸው ነው። ሙዚቃ የሚወድ ልጅ ሁሉ ዛሬ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ "ቤት ውስጥ መቅዳት እፈልጋለሁ፣ ምን ልግዛ?" መልሱን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰሙት ከሻጭ ነው። ሻጭ ደግሞ የልጁን ክፍል አላየም።

በቅርቡ ከአንድ ተማሪዬና ከእናቱ ጋር ዕቃ ልናይ ወጣን። እናትየው ዕቁብ ደርሷቸው ነበር። ሱቁ ውስጥ "ፉል ሴት" ተብሎ የቀረበልን ሁለት ትልልቅ ሞኒተር ስፒከር (ቀረጻ የሚደመጥበት)፣ ኮንደንሰር ማይክ፣ ሳውንድ ካርድ (ማይክንና መሣሪያን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝ ሣጥን)፣ ስታንድና አንድ ካርቶን ስፖንጅ ነው። ማይኩን ከፍተን እንስማው ስንል አይቻልም ተባልን። እናትየው ወደ እኔ ዞረው "ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ካልተገዛ አይሆንም ማለት ነው?" አሉኝ። ልጁ የሚተኛው ከሁለት ወንድሞቹ ጋር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያ ሁሉ ዕቃ ለዚያ ክፍል የሚሆነው ግማሹ እንኳ አልነበረም። ሳንገዛ ወጣን።

እኔ ለጀማሪ የምለው ከመስሚያው ጀምር ነው። በትክክል ያልሰሙትን ማስተካከል አይቻልም። በጠባብ ክፍል ውስጥ ትልቅ ስፒከር ቤዙን ያጋንናል፤ ድምፁ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመላለሰ ጆሮን ያታልላል። ጎረቤትም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ጀርባው ዝግ የሆነ ሄድፎን ይገዛ። ዝግ የሚሆንበት ምክንያት አለው፤ ሲዘፍኑ ከሄድፎኑ የሚያመልጠው ሙዚቃ ማይኩ ውስጥ እንዳይገባ ነው። የሶኒ ኤምዲአር 7506 ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ነው። የኦዲዮ ቴክኒካ ኤም20ኤክስ ደግሞ ለጀማሪ ኪስ ይቀርባል። ቤዝ እንዲያጓራ ተደርጎ የተሠራ የመንገድ ሄድፎን ግን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ቀጥሎ ሳውንድ ካርድ ነው። ለብቻው የሚዘፍንና አንድ መሣሪያ የሚጫወት ልጅ ሁለት መግቢያ ያለው ይበቃዋል። የፎከስራይት ስካርሌት ትንንሾቹ፣ ወይም ከዚያ የሚረክሱት የቤሪንገር ዓይነቶች ሥራውን ይሠራሉ። እኔ አጥብቄ የምጠይቀው ከዩኤስቢው ራሱ ኃይል የሚወስድ መሆኑን ነው። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይሠራል፣ ካርዱም አብሮ ይሠራል፤ ቀረጻው መሃል ላይ አይቋረጥም። አራት ኪሎም ቢሆን መብራት ይሄዳል።

አሁን ወደ ማይኩ ልምጣ። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ኮንደንሰር ማይክ ባለ 48 ቮልት ኃይል ከካርዱ ይፈልጋል፤ በጣም ስስ የሆነ ድምፅ ሁሉ ይይዛል። በተዘጋጀ ስቱዲዮ ውስጥ ይህ ጸጋ ነው። በእኛ ሰፈር ግን ከልጁ ድምፅ ጋር የታክሲውን ረዳት፣ "ቁራሌው!" የሚለውን፣ የጎረቤቱን ዶሮ፣ የሕንፃ ግንባታውን ሁሉ ያስገባል። ዳይናሚክ ማይክ እንዲህ አይደለም። አፍ አጠገብ ያለውን ይወስዳል፣ ራቅ ያለውን በአብዛኛው ይተወዋል። ሹር ኤስኤም58 ከ1966 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ የእኛም ዘፋኞች መድረክ ላይ ከእጃቸው የማይለዩት ነው። ለቤትም ያገለግላል። ጥንቃቄው አስመስሎ የተሠራው መብዛቱ ነው። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ከወረደ ይጠርጠር፤ ሳይሰሙትም አይገዛ። ያገለገለም ቢሆን፣ ወድቆ ፍርግርጉ የጎበጠም ቢሆን፣ እውነተኛው ከሐሰተኛው አዲስ ይሻላል።

ክፍሉን በተመለከተ ስፖንጅ መግዛት አያስፈልግም። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍም ይቅር። ድምፅ ከውጭ እንዳይገባ አያደርግም፣ እሳት ግን በቀላሉ ይይዛል። ልጁ ልብስ የሞላበትን ቁምሳጥን ከፍቶ፣ ፊቱን ወደ ክፍሉ ጀርባውን ወደ ልብሱ አድርጎ ይዝፈን። ከጎንና ከጎን ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይሰቀል። ከሽቦና ከስቶኪንግ የተሠራ ወንፊት ማይኩ ፊት ቢቆም የትንፋሹን ምት ይሰብረዋል። በነገራችን ላይ ከድሮዎቹ የጭቃ ቤቶች ብዙዎቹ፣ በተለይ አቡጀዲ ኮርኒስ ያላቸው፣ ከኮንዶሚኒየም ባዶ ሳሎን ይልቅ ለቀረጻ ይመቻሉ፤ ድምፅ አያስተጋባባቸውም። ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ግን ምንም መድኃኒት የለውም። ያን ጊዜ ኪቦርዱንና ምቱን ይሥራ፣ ድምፁን ለሌሊት ያቆየው።

አሜሪካ ዘመድ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ያለው መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220 ነው። ከዚያ የሚላክ ስፒከር ወይም ኪቦርድ ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ይነበብ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ችግር የለም። 120 ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር መሰካት ማቃጠል ነው። ቀረጻው ላይ "እምምም" የሚል ድምፅ ከተሰማ ደግሞ የላፕቶፑ ቻርጀር ተነቅሎ ይሞከር። ከጠፋ ጥፋቱ ከማይኩ ሳይሆን ከመብራቱ መስመር ነው፤ ብዙ አሮጌ ቤቶች ኧርዝ የላቸውም።

የመቅጃ ሶፍትዌሩን ባጭሩ ልናገር፤ ልጆቹ እርስ በርስ ብዙ የሚከራከሩበት ቢሆንም ልዩነቱ የሚሉትን ያህል አይደለም። አንጋፋዎቹ አቀናባሪዎች ኩቤዝ ይላሉ፣ ቢት (የዘፈን ምት) የሚሠሩት ልጆች ኤፍኤል ስቱዲዮ ይላሉ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። የኤፍኤል ነፃ መሞከሪያ ግን ሴቭ የተደረገውን ሥራ ካልተገዛ መልሶ አይከፍትም፤ ይህን ሳያውቁ ሥራቸው የቀረባቸው ልጆች አሉ። እኔ የማስጀምራቸው በሪፐር ነው። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ለማውረድ ብዙ ዳታ አይበላም፣ ባረጀ ላፕቶፕም ይሠራል፣ 60 ቀን ሙሉውን ያስሞክራል። ለግለሰብ የሚከፈለው 60 ዶላር ነው። ማክ ያለው ልጅ ጋራጅባንድ በነፃ አለው። ድምፅ ብቻ መቅዳትና መቁረጥ ለሚፈልግ ኦዳሲቲም ይበቃል፣ እሱም ነፃ ነው። በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም፣ አልመክርም። ቫይረስ ይዞ ይመጣል፣ ሥራውን ሁሉ ይዞ የሚጠፋበት ቀን አለ። ላፕቶፑ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ካለው ያገለገለውም ይሆናል።

"ስዘፍን ድምፄ ዘግይቶ ነው የሚሰማኝ" የሚል ልጅ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት የለበትም። በፕሮግራሙ ውስጥ በፈር የሚባለውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማስተላለፉ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን፣ ያሳንስ። በሰከንድ 44,100 ናሙና ሲቀዳ በፈሩ 1024 ናሙና ከሆነ መዘግየቱ በዚህ ብቻ ወደ 23 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል፤ ወደ 256 ቢወርድ 6 ገደማ ይሆናል። ሚክስ ሲያደርግ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች ሲያዋህድ፣ መልሶ ያሳድገው። ቀረጻው ደግሞ በ24 ቢት (ይህ ቢት የቀረጻ ጥራት መጠን ነው) ይሁን፣ የድምፅ መጠን መለኪያው ቀዩ ላይ አይድረስ።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያሳስበኝ ቅኝታችን ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ ብዙዎቹ በ4/4 አቆጣጠርና በደቂቃ 120 ምት ፍጥነት ነው። ልጁ ሳያስበው ዘፈኑን ሁሉ በዚያ ይሠራል። ችክችካ መሥራት የሚፈልግ መጀመሪያ መለኪያውን ወደ 6/8 ይቀይር፤ ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የባሰው ከኖታ የወጣ ድምፅን ወደ ኖታው የሚጎትተው የድምፅ ማስተካከያ ነው። ኦቶቲዩንና መሰሎቹ የሚጠይቁት "ስኬልህ የቱ ነው?" ብለው ነው። ልጁ ሲ ሜጀር (ፍላት የሌለበት የፈረንጅ ስኬል) ብሎ ይተወዋል። አንቺሆዬን ከሲ ብንነሳ ኖታዎቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ናቸው። ፕሮግራሙ ዲ ፍላቱን ስህተት ነው ብሎ ወደ ሲ ወይም ወደ ዲ ይጎትተዋል፣ ጂ ፍላቱንም ወደ ኤፍ ወይም ወደ ጂ። አምባሰልም ከሲ ሲነሳ ዲ ፍላትና ኤ ፍላት አለበት፤ እሱም እንዲሁ ይበላሻል። ልጁ በትክክል የዘፈነውን መሣሪያው አጥፍቶበት "ድምፄ አይሆንም" ብሎ ሲያዝን አይቻለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። አምስቱ ኖታዎች በእጅ አንድ በአንድ ይመረጡ፣ ወይም ማስተካከያው ጠፍቶ ልጁ ደጋግሞ ይዝፈን። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ኪቦርድ የሚገዛም ልጅ የኖታዎቹን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ ማድረግ የሚያስችል መሆኑን ይጠይቅ። ያማሃ ፒኤስአር ከሚባሉት ኪቦርዶች አንዳንዶቹ ስኬል ቱን የሚባል ነገር አላቸው። ኪቦርድ አሥራ ሁለቱን ኖታዎች እኩል አድርጎ ነው የሚከፍላቸው፤ ማሲንቆና ዋሽንት ግን በዚያ ልክ አይቆሙም። ማሲንቆ ተጫዋች ጠርቶ ሲቀዳ፣ ማሲንቆውን ወደ ኪቦርዱ ከማስገደድ ኪቦርዱን በጥቂት ሴንት (ሴንት በአጠገብ ለአጠገብ ባሉ ሁለት ኖታዎች መካከል ያለው ርቀት መቶኛ ነው) ወደ ማሲንቆው ማምጣት ይሻላል። ማይኩም ከቆዳው ፊት አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ በጣም ከቀረበ የሚሰማው የደጋኑ ፍትጊያ ነው። ዋሽንት ሲሆን ትንፋሹ እንዳይመታው ከጎን ይቁም።

ዋጋ አልጠቀስኩም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዚህ ዕቃ ዋጋ በየጊዜው እየተለዋወጠ ነው፤ ጋዜጣው ታትሞ እስኪወጣ እንኳ ሊለወጥ ይችላል።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ይህን ነው። ስለ ስልክና ስለ መኪና ገበያ እንደምትጽፉት ሁሉ፣ ስለ ሙዚቃ መሣሪያም አልፎ አልፎ ቦታ ስጡን። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህራን፣ ከድምፅ ባለሙያዎች፣ ከአቀናባሪዎች ጠይቁልን። አስመጪዎችንና ባለሱቆችንም የምጠይቀው አለኝ። ወላጅ የዕቁቡን ብር ከመቁጠሩ በፊት ማይኩ ከካርቶኑ ወጥቶ ይሰማ፣ ቮልቱ በግልጽ ተጽፎ ይታይ፣ ዕቃውም ሁሉ በአንድ ላይ ካልሆነ አንሸጥም አይባል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኪቦርድ አስተማሪ፣ ከአራት ኪሎ