ይድረስ ለአባቴ

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እሁድ በስልክ «ሃያ ዓመት አገልግዬ የዕድሩ ሒሳብ ይመርመር አሉ፤ ሌባ መሰልኳቸው» ሲሉኝ ድምፅዎ ተሰብሮ ነበር። ትናንት እዚህ ሎንደን፣ ናሽናል ጋለሪ የሚባል የሥዕል ሙዚየም ገብቼ አንድ የሽማግሌ ሥዕል ፊት ቆሜ እርስዎን ሳስብ ዋልኩ።

ሊዮናርዶ ሎሬዳን ይባላል፤ የቬኒስ ዶጅ፣ ማለትም ዕድሜ ልኩን የተመረጠ የሪፐብሊኳ መሪ ነበር። የሣለው ጆቫኒ ቤሊኒ ነው። ነጭ ካባው በወርቅ ክር አጊጧል፤ ትልልቅ ክብ ቁልፎች ከደረቱ ወደ ታች ተደርድረዋል፤ የውስጥ ቆቡ ማሰሪያ በአንገቱ ግራና ቀኝ ተንጠልጥሏል። ፊቱ እርስዎ ሒሳብ ሲደምሩ እንደሚሆኑት ነው፤ ቁጣም ፈገግታም የለበትም።

በፈረንጆቹ 1501 ሲመረጥ ከ60 ዓመት አልፎት ነበር። የዶጅ አመራረጥ እንዲህ ነበር፦ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣ የደረሳቸው ሌሎችን ይመርጣሉ፤ እነዚያም በዕጣ ይቀነሳሉ። እንዲህ እየተደጋገመ በመጨረሻ ከተመረጡት 41 ሰዎች ቢያንስ የ25ቱን ድምፅ ያገኘ ዶጅ ይሆናል። ማንም ወገን አሲሮ እንዳያሸንፍ ነው። ከተሾመ በኋላም መሐላው ያስረዋል፤ ከውጭ መንግሥት የመጣለትን ደብዳቤ እንኳ ብቻውን አይከፍትም።

ታዲያ ፈሪ አልነበረም። በ1509 የሮሙ ጳጳስ፣ የፈረንሳይ ንጉሥና የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት አብረው በቬኒስ ላይ ተነሡ፤ አኛዴሎ በተባለ ቦታ የቬኒስ ጦር ተፈታ። የቬኒስ ግዛት የሆነችው የፓዶቫ ከተማ ልትከበብ ስትል መኳንንቱ እንዲዘምቱ ለመነ፤ የራሱንም ሁለት ልጆች ላከ። ከተማዋ አልተያዘችም።

ይህን ሁሉ አድርጎ በ1521 ሲሞት፣ መርማሪዎች የሥልጣን ዘመኑን ፈተሹ። ለሹመቱ ክብር የሚመጥን ወጪ አላወጣም ተብሎ ወራሾቹ ላይ መቀጮ ተጣለ። በልጆቹ ቦታ ሆኜ ሳስበው ከፋኝ። ግን ምርመራው እሱን ለማዋረድ የመጣ አልነበረም፤ ከእሱ በኋላ የነገሡትም ዶጆች ሲሞቱ ይመረመሩ ነበር። ሎሬዳን መልስ መስጠት አልቻለም፤ እርስዎ ግን ዕድሜ ይስጥዎትና በራስዎ አንደበት ይመልሳሉ።

ስለዚህ ስብሰባው ላይ እንዳይቀሩብኝ። የደረሰኞቹ ጥራዞች በእማዬ ሳጥን ውስጥ፣ ከነጠላዋ ሥር ናቸው፤ ባለፈው ስመጣ በየዓመታቸው አስሬ አስቀምጫቸዋለሁ። መነጽርዎን ይያዙ፤ የ2008ቱ ጽሕፈት ደብዝዟል።

ልጅዎ