ስለ አለን ሺረር 260 ግቦች፦ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም

ለጋዜጣው የስፖርት ገጽ አዘጋጅ፤

የሃሪ ኬን ስም በተነሣ ቁጥር በስፖርት ገጾቻችን ላይ አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ይወጣል፤ አለን ሺረር 260፣ ሃሪ ኬን 213። ከሥሩ ደግሞ ሺረርን «በእንግሊዝ ሊግ ታሪክ ቀዳሚው ግብ አግቢ» የሚል ዐረፍተ ነገር ይከተላል። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ ዐረፍተ ነገሩ ስህተት ነው። 260 የፕሪሚየር ሊጉ ብቻ ነው፤ ፕሪሚየር ሊጉ የተጀመረው በ1992 ነው (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሺረር ከዚያ በፊት በቀድሞው አንደኛ ዲቪዚዮን ለሳውዝሃምፕተን 23 ግብ ስላስቆጠረ፣ በከፍተኛው ሊግ ያለው ድምር 283 ይሆናል። የከፍተኛው ሊግ ክብረ ወሰን ደግሞ የጂሚ ግሪቭስ ነው፤ 357 ግብ።

ይህ በአንድ መስመር የሚታረም ነገር ነው። የሚያሳዝነው ሌላው ነው። አንድ አጥቂ ሁለት ጊዜ ከባድ ጉዳት ደርሶበት፣ ፍጥነቱን አጥቶ፣ አቋቋሙን እንደገና ተምሮ ያገኘው ውጤት ሦስት አሃዝ ሆኖ ይቀራል። ሺረርን የሚያውቁ ሰዎች የሚያደንቁት ያንን መንገድ ነው፤ ለአሰልጣኞችና ለወጣት አጥቂዎች የሚጠቅመውም እሱ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ሺረር በ1970 በኒውካስል ጎስፎርዝ ተወለደ፤ በዎልሰንድ ቦይስ ክለብ ሲጫወት መልማዩ ጃክ ሂክሰን አይቶት ከሰሜን ጫፍ ወደ ደቡብ ጫፍ፣ ወደ ሳውዝሃምፕተን መራው። ኤፕሪል 9 ቀን 1988 ለመጀመሪያ ጊዜ በቋሚነት ተሰለፈ፤ ተጋጣሚው አርሰናል ነበር። ሳውዝሃምፕተን 4 ለ 2 ሲያሸንፍ ሐትሪክ ሠራ (ሦስት ግብ አገባ)፤ ዕድሜው 17 ዓመት ከ240 ቀን ስለነበር የግሪቭስን የወጣትነት ክብረ ወሰን ሰበረ። ይህን ሁሉም ይጽፈዋል። ቀጥሎ የመጣውን ግን ማንም አይጽፈውም። በ1988/89 በሊጉ 10 ጨዋታ ያለ ምንም ግብ፣ በ1989/90 26 ጨዋታ 3 ግብ፣ በ1990/91 36 ጨዋታ 4 ግብ። በሦስት የውድድር ዘመን 72 ጨዋታ፣ 7 ግብ።

ምክንያቱ ችሎታ ማጣት አልነበረም፤ የተሰጠው ሥራ ነበር። ከኋላ የሚላክ ረጅም ኳስ ተቀብሎ፣ ጀርባውን ለግብ ሰጥቶ፣ ተከላካዩን በትከሻው ገፍቶ ይዞ፣ ኳሱን ለማት ለቲሲዬና ለሮድ ዋላስ ማድረስ። ግቡን የሚጨርሱት እነሱ ነበሩ። በ1991 በፈረንሳይ ቱሎን በተካሄደው ውድድር ከ21 ዓመት በታች ቡድኑ ፊቱን ወደ ግብ አዙሮ ሲያጫውተው በ4 ጨዋታ 7 ግብ አስቆጠረ፤ በቀጣዩ የውድድር ዘመንም በሊጉ 13 አገባ። ዛሬ በ19 ዓመቱ ሦስት ወር ግብ ያጣ ልጅ «አበቃለት» ተብሎ ሲጻፍበት ሳነብ እነዚህ 72 ጨዋታዎች ትዝ ይሉኛል። አጥቂን ከመውቀስ በፊት ኳስ በምን ሁኔታና የት ቦታ እንደሚደርሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

በ1992 ክረምት ብላክበርን ሮቨርስ በ3.6 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደው፤ የወቅቱ የብሪታኒያ ክብረ ወሰን ነበር። በአራት የውድድር ዘመን 138 የሊግ ጨዋታ ተጫውቶ 112 ግብ አገባ። በጨዋታ 0.81 ማለት ነው። አሰልጣኙ ኬኒ ዳልግሊሽ ቡድኑን የሠራው በሁለት የመስመር ተጫዋቾች ነው፤ ከቀኝ ስቱዋርት ሪፕሊ፣ ከግራ ጄሰን ዊልኮክስ። እነዚህ ሰዎች ተከላካይ አታልለው ለማለፍ ብዙ አይለፉም፤ ኳሷን ለማሻማት የምትበቃ ክፍተት ሲያገኙ ወዲያው ያሻማሉ። ለአጥቂ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም፤ ኳሱ መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ያውቃልና።

ሺረር ያንን እንዴት ይጠቀምበት እንደነበር የድሮ ምስሎችን ቀስ አድርጎ ማየት ይበቃል። ኳሱ መስመር ላይ ሳለ ወደ ግቡ አይሮጥም። ተከላካዩ ኳሱን ሲያይ እሱ ከጀርባው፣ ከእይታው ውጭ ይቆማል። አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ሩቁ የግብ ቋሚ ያፈገፍጋል፤ ተከላካዩም አብሮት ክብደቱን ወደዚያ ያጋድላል። የመስመር ተጫዋቹ ሊያሻማ ቀና ሲል ሺረር በተከላካዩ ፊት አቋርጦ ወደ ቅርቡ ቋሚ ይገባል። ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቀድመው ይሮጡና ኳሱ ሲደርስ ቆመው ይጠብቁታል። ቆሞ የሚገጭ ሰው የሚያገኘው ኃይል የአንገቱን ብቻ ነው፤ እየሮጠ የሚገጭ ግን የመላ አካሉን ኃይል ኳሱ ላይ ያሳርፋል። ሺረር ቁመቱ የተለየ አልነበረም፤ ሆኖም ከ260ዎቹ 46ቱን በግንባሩ ገጭቶ አስቆጥሯል። ክሪስ ሳተን በ1994 ሲመጣ ደግሞ የመሐል ተከላካዮቹ ለሁለት ስለተከፈሉ ክፍተቱ ሰፋ። በዚያ ዓመት ሺረር በ42ቱም ጨዋታ ተሰልፎ 34 ግብ አገባ፣ ብላክበርንም ማንቸስተር ዩናይትድን በአንድ ነጥብ በልጦ 89 ለ 88 ዋንጫውን ወሰደ። በሕይወቱ ያነሣው ትልቅ ዋንጫ ይህ ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት ግን የመጀመሪያው አደጋ ደርሶ ነበር። በዲሴምበር 26 ቀን 1992 ከሊድስ ጋር ሲጫወት የጉልበቱ የፊት ተሻጋሪ ጅማት ተበጠሰ። ይህ ጅማት የቅልጥም አጥንት ከጭን አጥንት ሥር ወደ ፊት እንዳይንሸራተት፣ ጉልበትም ከልክ በላይ እንዳይጠማዘዝ የሚይዝ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው በግጭት ሳይሆን እግር መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነት ሲዞር ነው። ያለ ጅማቱ ቀጥታ መሮጥ ይቻላል፤ በድንገት መታጠፍ ግን አይቻልም፣ የአጥቂ ሥራ ደግሞ መታጠፍ ነው። ያ የውድድር ዘመን በ21 ጨዋታ በ16 ግብ አበቃ። ቀጣዩ ዓመት 40 ጨዋታ፣ 31 ግብ። ከጉዳቱ በኋላ ጉልበቱ እንደ ቀድሞው ሆኖ እንደሆነ አላውቅም፤ በእኔ ግምት ግን የጠቀመው ግብ የሚያገባበት መንገድ በረጅም ሩጫ ላይ አለመመሥረቱ ነው።

ስለ 1996 የአውሮፓ ዋንጫ ብዙ ስለተጻፈ አልደግመውም። አንዱን ብቻ፦ ወደ ውድድሩ ሲገባ ለብሔራዊ ቡድኑ በ12 ተከታታይ ጨዋታ ግብ አልነበረውም። አሰልጣኙ ቴሪ ቬናብልስ ግን እንደማያወጣው ቀድሞ ነገረው፤ አምስት ግብ አስቆጥሮ የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ።

ሁለተኛው ጉዳት የከፋው ነው። ኒውካስል በ15 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በዓለም ክብረ ወሰን ገዝቶት በመጀመሪያው ዓመት በ31 ጨዋታ 25 አስቆጠረ። በ1997 ክረምት በጉዲሰን ፓርክ ከቼልሲ ጋር በነበረ የዝግጅት ጨዋታ ኳስ ለመድረስ ሲዘረጋ እግሩ ሣሩ ላይ ተያዘ፤ የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ተሰበረ፣ ጅማቶቹም ተጎዱ። በዚያው ሰሞን ክለቡ የሺረርን የአጥቂ መስመር አጋር ሌስ ፈርዲናንድን ለቶተንሃም ሸጦ ነበር። ሁለቱ በአንድ ዓመት በሊጉ 41 ግብ አስቆጥረው የነበሩ ናቸው። ሺረር በጃንዋሪ 1998 ተመለሰ፤ በ17 ጨዋታ ያገባው 2 ብቻ ነው፣ ሁለተኛ ወጥቶ የነበረው ኒውካስልም 13ኛ ሆነ።

የቁርጭምጭሚት ጉዳት ከአጥቂ የሚወስደው የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት እርምጃዎች ነው። መነሻ ግፊቱ ከዚያ ስለሚመጣ፣ አጥንቱ ቢገጥምም መገጣጠሚያው እንደ ድሮው አይተጣጠፍም። ሺረር ያንን ለማካካስ ወደ ሳውዝሃምፕተን ልማዱ ተመለሰ። ከግብ እየራቀ ወርዶ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ከተከላካይ ጋር እየታገለ ኳስ ይቀበል ጀመር። በ1998/99 14 ግብ። በኦገስት 1999 አሰልጣኙ ሩድ ጉሊት ከሰንደርላንድ ጋር ሲጫወቱ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ ኒውካስል 2 ለ 1 ተሸነፈ፣ ጉሊትም ከቀናት በኋላ ለቀቀ። ጉሊትን መውቀስ ቀላል ነው። በእኔ እምነት ግን ችግሩን በትክክል አይቶታል፤ የተሳሳተው መፍትሔው ላይ ነው።

ትክክለኛውን መፍትሔ ያመጣው ጉሊትን የተካው አሰልጣኝ ቦቢ ሮብሰን ነው። ሺረርን ከቡድኑ ከማውጣት ይልቅ አቋቋሙን ቀየረለት፤ ሙሉ ጀርባ ሰጥቶ መቆም ቀርቶ በጎን መቆም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ጀርባ የሰጠ አጥቂ ኳስ ተቀብሎ ለመዞር ሁለት ሦስት ንክኪ ያስፈልገዋል፤ ተከላካዩም ከኋላው ተለጥፎ ይጠብቀዋል። በጎን የቆመ አጥቂ ግን አንድ ትከሻው ወደ ኳሱ፣ ሌላው ወደ ግቡ ነው። ኳሱ ከመድረሱ በፊት በትከሻው ላይ አሻግሮ ያያል፣ ከኳሱ በሚርቀው እግሩ ይቀበላል፣ ያ ንክኪ ራሱ ያዞረዋል። ሁለተኛው ንክኪ ምት ነው። ፍጥነቱን ያጣ ሰው ጊዜን የሚያተርፍበት መንገድ ይህ ነው። ሮብሰን በሜዳው ባደረገው የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታ፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1999፣ ኒውካስል ሼፊልድ ዌንስዴይን 8 ለ 0 ሲረታ ሺረር አምስቱን አገባ።

በ2000/01 የጉልበት ሕመም በ19 ጨዋታ በ5 ግብ ወሰነው። ቀጥሎ ግን ክሬግ ቤላሚ መጣ፤ ወደ ተከላካዮች ጀርባ የሚደረገውን ሩጫ እሱ ወሰደ፣ ተከላካዮቹም እሱን ፈርተው ወደ ኋላ ሲሸሹ ለሺረር ከፊታቸው ቦታ ተከፈተ። ከግራ ሎረን ሮቤር፣ ከቀኝ ኖልቤርቶ ሶላኖ ያሻማሉ። በሦስት ዓመት 23፣ 17፣ 22 ግብ፤ የመጨረሻውን ሲያጠናቅቅ ዕድሜው 33 ነበር። እኔ ከብላክበርኑ 34 ይልቅ ይህንን አስበልጣለሁ።

የፍጹም ቅጣት ምቶቹ ነገርም መነሣት አለበት። በፕሪሚየር ሊጉ 67 መትቶ 56 አገባ፤ 11 ሳተ። ከድምሩ ስናወጣቸው 204 ይቀራል። ይህ ሊያሳንሰው አይገባም። በ1996 ከስፔንና ከጀርመን፣ በ1998 ከአርጀንቲና ጋር በተደረጉት መለያ ምቶች ሁሉ የእንግሊዝን የመጀመሪያ ምት የመታውና ያገባው እሱ ነው። ይሁንና ንጽጽር ሲሠራ ተለይቶ መቀመጥ አለበት።

ኬን በ320 ጨዋታ 213 ሲያገባ በጨዋታ 0.67 ነው። ሺረር በ441 ጨዋታ 0.59። ነገር ግን ያ 0.59 የሁለት የተለያዩ ተጫዋቾች አማካይ ነው፤ የብላክበርኑ 0.81፣ የኒውካስሉ (148 ግብ በ303 ጨዋታ) 0.49። ኬንም ቢሆን ተለውጧል፤ በ2020/21 ወደ መሐል እየወረደ 23 ግብ አስቆጥሮ፣ 14 ለግብ የሚሆን ኳስም አቀብሎ በሁለቱም ሊጉን መርቷል። የብላክበርኑን ሺረር ከዚያ ኬን ጋር በአንድ መስመር ማስቀመጥ ለሁለቱም አይበጅም።

ስለዚህ ገጻችሁ ቀጣዩን ሠንጠረዥ ሲያዘጋጅ እነዚህን ዓምዶች ቢጨምር ደስ ይለኛል፤ የተጫወታቸው ጨዋታዎች፣ ያለ ፍጹም ቅጣት ምት ያገባቸው፣ ግቦቹ በየክለቡ ተለይተው፣ እንዲሁም ውድድሩ ስንት ጨዋታ እንደነበረው። ሊጉ እስከ 1995 ድረስ 22 ቡድንና 42 ጨዋታ ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ 38 ነው። የሺረር 34 በ42 ጨዋታ፣ የኧርሊንግ ሃላንድ 36 ደግሞ በ35 ጨዋታ መሆኑ ሳይገለጽ የሚወጣ ንጽጽር አንባቢን ያሳስታል። ጉዳት የደረሰባቸው ዓመታትም ምልክት ቢደረግባቸው ከታዳጊ ፕሮጀክቶች አሰልጣኞች መካከል ገጹን ቆርጦ የሚያስቀምጥ አይጠፋም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የገጹ የዘወትር አንባቢ