ጨርቁ ሳይለብስ ክንፉ ይታይ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለው? በሬዲዮ የሚበረው ሞዴል አውሮፕላን፣ የፓይፐር ከቡ መገጣጠሚያ ሳጥን መድረሱን እህቴ ነገረችኝ። እንጨት ለእርስዎ አዲስ አይደለም፤ ባልሳ የሚባለው በጣም ቀላል እንጨት ግን ከዋንዛና ከጽድ ጋር አይመሳሰልም። በጥፍር ይጎደጉዳል፣ በደነዘ ምላጭ ይፈረፈራል። ምላጩን ሳይሰስቱ ይቀይሩ፤ በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹት ብናኙ ቀላል ስለሆነ ማስክ ያድርጉ።

ሞዴሉ የእውነተኛው ጄ-3 ከብ አንድ አራተኛ ነው። የዋናው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10.74 ሜትር በመሆኑ የእርስዎ 2.69 ሜትር ገደማ ይወጣል። ይህን ያህል ረጅም ክንፍ ትንሽ ከተጠማዘዘ አውሮፕላኑ ሳያዙት ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ለማረፍ ፍጥነቱ ሲቀንስ ደግሞ አንዱ ክንፍ ቀድሞ ይወድቃል። ስለዚህ ሰሌዳው ፍጹም ሜዳ ይሁን። ውስጡ ክፍት የሆነ ቀላል የቤት በር አጋድመው፣ ስፒል የሚይዝ ለስላሳ ንጣፍ ቢደርቡበት ይበቃል። ፕላኑን በስስ ላስቲክ ይሸፍኑት፤ አለዚያ ክንፉ ከወረቀቱ ጋር ይጣበቃል።

መጀመሪያ የታችኛውን ስፓር (በክንፉ ርዝመት የሚሄደውን ዘንግ) በስፒል ይያዙ፤ ሪቦቹን (የክንፉን ቅርጽ የሚሰጡትን የጎድን አጥንቶች) በስኳድራ እያቆሙ ይትከሉና የላይኛውን ስፓር ያልብሱ። በሁለቱ ስፓሮች መካከል የሚገቡት የባልሳ ቁራጮች ጅማታቸው ከላይ ወደ ታች ይቁም። ክንፉ በጭነት እንዳይሰበር የሚያደርጉት እነሱ ናቸውና አንዱም አይዘለል። እዚህ ላይ ሱፐር ግሉ ሳይሆን የእንጨት ኮላ ይጠቀሙ፦ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል፣ ጭሱም ዓይን አያቃጥልም። እስከ ማግስቱ ከሰሌዳው አያንሱት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት የግራ ክንፍ በመሥራት ነው፤ ሁለተኛውን ከመጀመርዎ በፊት ሪቦቹን ደርድረው ከመጀመሪያው ጋር ፊት ለፊት ያስተያዩ።

ሞተሩ የሚታሰርበት የኮምፔንሳቶ ግድግዳና የጎማው እግር መያዣ በ30 ደቂቃ በሚደርቀው ኢፖክሲ (ሁለቱ ተቀላቅለው በሚጠነክሩት ሙጫ) ይጣበቁ። የቤንዚን ሞተር ንዝረት የላላ መጋጠሚያን ፈልጎ ያገኛል። የነዳጅ ቱቦው ለቤንዚን የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሲሊኮን በቤንዚን ያብጥና ይበሰብሳል፣ ሞተሩም አየር ላይ ይጠፋል። የማቀጣጠያውን ሳጥንና ባትሪውን ከፊት፣ ሪሲቨሩን (የሬዲዮ መቀበያውን) ራቅ አድርገው ከኋላ ያስቀምጡ፤ ብልጭታው ሬዲዮውን ይረብሻል።

ጅራቱ ላይ ግን ይሰስቱ። የከብ አፍንጫ አጭር፣ ጅራቱ ሩቅ ነው፤ ጅራት ላይ የተጨመረ 10 ግራም አፍንጫ ላይ 30 ግራም ያህል እርሳስ ያስጨምራል። ከሳጥኑ ውስጥ በጣም ቀላሉን ባልሳ ለጅራት ይምረጡ፣ ኮላውንም አያብዙ። የክንፉ ስፋት ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ 40 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ታንኩ ባዶ ሆኖ ሁሉ ነገር ሲገጠም ከፊት ጠርዝ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ላይ ሚዛኑን መጠበቅ አለበት። ፕላኑ ላይ የተጻፈው ከዚህ ከተለየ ፕላኑን ይከተሉ። ሚዛኑ ወደ ኋላ ያለፈ አውሮፕላን አፍንጫውን እያነሳ እጅ አይገባም።

ጨርቅ ማልበሱ የመጨረሻው ነው። ከታች ጀምረው ላዩን በኋላ ያልብሱ፣ ስፌቱ አይታይም። መጀመሪያ ጠርዙን ብቻ በዝቅተኛ ሙቀት ያጣብቁ፤ ከዚያ የካውያውን ሙቀት ጨምረው ጨርቁን ሲወጥሩ ላዩንና ታቹን እያፈራረቁ ይሂዱ። አንዱን ወገን ብቻ ከጨረሱ ጨርቁ ራሱ ክንፉን ይጠመዝዘዋል። ለኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት) የምዝገባ ቁጥርም በውጭው ገላ ላይ የሚታይ ቦታ ይተዉ።

ካውያውን ከማሞቅዎ በፊት ግን ሁለቱን ክንፎች ገጥመው፣ ከኋላ ሦስት እርምጃ ርቀው በአንድ ዓይን ይመልከቱ፤ የኋላው ጠርዝ ከስፓሩ ጋር ትይዩ ይሁን። ከተጠራጠሩ ከዚያው ቦታ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝና አብረን እንየው።

ልጅዎ