ፕላስቲክ በሌዘር ለማጣበቅ የሚያስበው ሁሉ ሞገዱን ይይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አክሪሊክ (መስታወት መሰል ፕላስቲክ) ለመቁረጥ የተገዛ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር፣ ስስ ፕላስቲኮችን በሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ ለማጣበቅ ሲሞከር የላይኛው ይቃጠላል፤ ሙጫው ግን እንዳለ ይቀራል። ጉልበት አንሶት አይደለም። የሞገድ ርዝመቱ 10.6 ማይክሮሜትር የሆነውን የዚህን ሌዘር ጨረር አብዛኛው ፕላስቲክ ገና ከላይ ውጦ ያስቀረዋል።

የሚሻለው የሞገድ ርዝመቱ ከ808 እስከ 980 ናኖሜትር የሆነ ዳዮድ ሌዘር (ጨረሩ ከትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ የሚወጣ) ነው፤ በጠራ ፔት (የውሃ ጠርሙስ በሚሠራበት ፕላስቲክ) አልፎ ሙጫው ጋ ይደርሳል። ሙጫውም የጠራ ከሆነ ግን እሱንም አልፎት ስለሚሄድ፣ ጥቂት የካርቦን ጥላሸት የተቀላቀለበት ጥቁር ሙጫ ይመረጥ። ኢቪኤ የሚባለው በሙቀት የሚቀልጥ የተለመደ ሙጫ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም ሳይርቅ ይቀልጣል፤ ፔት ግን እስከ 250 አካባቢ ሳይቀልጥ ይቆያል።

ብዙዎች የሚዘነጉት መጫኑን ነው። ፕላስቲኮቹን በአልኮል ወልውሎ ከወፍራም መስታወት ሥር በእኩል መጫን ያስፈልጋል፤ ይህ ጨረር በመስታወት ያልፋል። ክፍተት ካለ ሙቀቱ ወዲያ አይሻገርም፤ አቧራ ካለ እዚያው ነጥብ ላይ ይቃጠላል። ሙጫው አረፋ ካወጣ ጨረሩን ፈጠን አድርጎ ማንቀሳቀስ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ተላጦ ሲታይ ሙጫው በሁለቱም ገጽ ከቀረ በደንብ ይዟል፤ ከአንዱ ንጹሕ ሆኖ ከተላቀቀ ሙቀት ወይም ጫና አንሷል፣ አለዚያም ገጹ ቅባት ነበረው።

ፒቪሲ (የቧንቧ ፕላስቲክ) በፍጹም አይሞከር፤ ሲቃጠል ሳንባ የሚጎዳ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣል። የዳዮዱ ጨረር ለዓይን ስለማይታይም፣ ለዚያው ሞገድ የተሠራ መነጽር ሳይደረግ ማሽኑ አይበራ።