ቅቤን ከመክሰሳችሁ በፊት መዝገቡ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ ክብደት መቀነስ ለሚፈልጉ ሰዎች ያወጣችሁትን ምክር ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ሻይ እየጠጣሁ፣ ቀጥሎ ተናድጄ። ጽሑፉ ቅቤን፣ ክትፎን፣ ዶሮ ወጥንና ጥብስን በአንድ መስመር ደርድሮ ፈጽሞ አትንኩ ይላል። በምትካቸው አጃ፣ የወይራ ዘይትና ሳልሞን የሚባል ዓሣ ያዛል። እኔ የምኖረው ሾላ ገበያ አጠገብ ነው። ጠዋት ጠዋት የቅቤ ተራው ሽታ በመስኮቴ ይገባል። ሳልሞን ግን እስከ ዛሬ ደጄን አልረገጠም።

ዕድሜዬ 51 ነው። 26 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ኖሬአለሁ። ሥራዬ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ወጪ በስሙ እንደማይከሰስ ነው። ይመዘገባል፣ ይደመራል፣ ከሌላው ወጪ ጋር ይተያያል፤ ጥፋተኛው የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። በገዛ ሰውነቴ ላይ ግን ይህን ሳላደርግ ብዙ ቆየሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበቴን አሞኝ ሐኪም ዘንድ ስሄድ 91 ኪሎ ነበርኩ። የተሰጠኝ ወረቀት የእናንተን ጽሑፍ የሚመስል ነበር። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቃል ገባሁና ጀመርኩ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ ችግሩ አልታወቀኝም፤ ሁላችንም ጿሚ ነን። ፈተናው የመጣው ከተፈታ በኋላ ነው። ቤተሰቤ ሲበላ እኔ የተቀቀለ ድንች ይዤ ጥግ እቀመጥ ነበር። ሰባት ሳምንት እንዲህ ቆይቼ አራት ኪሎ ቀነስኩ። ከዚያ መስቀል ደረሰና ወደ ጉራጌ፣ ወደ እናቴ አገር ወረድን። ለመስቀል አገር ቤት የገባ ሰው ክትፎ አልበላም ቢል ታሟል ይባላል፤ ወይም ተጣልቷል። የመጀመሪያውን ቀን አንድ ጣባ በላሁ። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ቀን ባልቆጥረው ይሻላል። አዲስ አበባ ስመለስ ሁለት ኪሎ ተኩሉ ተመልሷል። «አንዴ ተበላሽቷል» ብዬ እጄን ስለ ሰጠሁ የቀረው በጥቅምት ተከተለ። ኅዳር ሲገባ እንደገና 91 ነበርኩ።

ልጄ ያን ጊዜ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ገዝታ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ ከቢሮ የተረፈ ባለ መስመር መዝገብ አወጣሁ። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ አለው። ከዚህ በኋላ ያለው ማባዛትና መደመር ስለሆነ የእኔ አገር ነው።

መጀመሪያ ያቀረብኩት ዋናውን ተከሳሽ ነው። እሑድ እሑድ ክትፎዬ ላይ የማፈሰው የቀለጠ ቅቤ አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ ነበር። ሲመዘን 65 ግራም ሆነ፤ በ9 ሲባዛ 585 ካሎሪ። ብዙ ነው፣ አልክድም። ግን በሳምንት አንዴ ነው። ቀጥሎ ሻዬን መዘንኩ። በቀን አምስት ብርጭቆ እጠጣለሁ፤ በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር። አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ነው። በቀን 60 ግራም፣ 240 ካሎሪ፤ በሳምንት 1,680። ማንም ሰው፣ ያ ወረቀት ጭምር፣ ስለ ሻዬ ጠይቆኝ አያውቅም። ከእሑድ ቅቤዬ ሦስት እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ሌባ በየቀኑ ቢሮዬ ድረስ በትሪ ይቀርብልኝ ነበር።

ሁለተኛው የተደበቀ ሒሳብ ጾም ላይ ተገኘ። ጾም ያከሳል ብለን የምናምን ብዙ ነን፤ እኔ ግን በዓቢይ ጾም አንድ ኪሎ ተኩል ጨመርኩ። ዘይቱን የምገዛው እኔ ስለሆንኩ ማስላቱ ቀላል ነበር። አምስት ሰዎች በ55 ቀን ስምንት ሊትር ጨርሰናል። ለአንድ ሰው በቀን 27 ግራም ገደማ፣ ወደ 240 ካሎሪ መሆኑ ነው። ዘይት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ስብ ስለሆነ በግራም ሲሰላ ከቅቤ አያንስም። ሽሮው ላይ የሚንሳፈፈውን፣ ሳምቡሳው የጠጣውን ዘይት የጾም ስለሆነ ብቻ ቀላል ምግብ ብለን አልፈነዋል። (የንስሐ አባቴ ይህን ሲሰሙ ሳቁና «እንግዲህ ዘይቱንም ጹሚያ!» አሉኝ።)

ስለዚህ ክትፎውን አልሰረዝኩትም። በጀት መደብኩለት። ስኳሩን በሦስት ወር ከሦስት ማንኪያ ወደ ግማሽ አወረድኩት፣ ሽሮውን ዘይት በማንኪያ እየለካሁ መሥራት ጀመርኩ፣ ማታ ማታ ሁለተኛውን እንጀራ ተውኩ። እሑድ ግን እሑድ ነው።

አሁን የእሑዱ ቅቤ 20 ግራም ነው። ቅቤ በግራም ሲለካ ያየች እናቴ መጀመሪያ ቀን ደነገጠች። 78 ዓመቷ ነው፤ ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ ሳታደርግ ከቤት የማትወጣ ሴት ናት። «ምነው ልጄ፣ መድኃኒት ነው እንዴ የምትቀምሚው?» አለችኝ። ከዚያ ግን ራሷ ዘዴውን አሳየችኝ። ጣባውን አስቀድመሽ እሳት ዳር አሙቂው፤ ቅቤው ከኮሰረቱ፣ ከኮረሪማውና ከሚጥሚጣው ጋር እዚያው ይቅለጥ፤ ሥጋው መጨረሻ ላይ ይግባና በእንጨት ማንኪያ በደንብ ይታሽ አለች። ዕቃው ቀዝቃዛ ከሆነ ቅቤው ይረጋል፤ ሲረጋ ያነሰ ይመስልና እጅ ይጨምራል። ሲሞቅ ግን ትንሹ ቅቤ ሥጋውን ሁሉ ያዳርሰዋል፤ ሽታውም የቅመሙ ስለሆነ አይጎድልም። ሥጋው ጅማትና ስብ የሌለው ቀይ ነው፤ እኔ ኮሶ ስለምፈራ በደንብ አበስለዋለሁ፤ እናቴ ይህንን ይቅር አትለኝም። ጎኑ ላይ አይብ አበዛለሁ። አይብ የሚሠራው ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሆነ ስቡ ትንሽ ነው፤ ሆድ ግን ይይዛል። ጎመኑ ቅቤ አይነካውም። ቆጮ አንድ ቁራጭ።

እንዲህ እያልኩ በ14 ወር 11 ኪሎ ቀነስኩ። ዛሬ 80 ነኝ። ቀስ ያለ ነው፤ በወር አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን በመካከሉ አንድ መስቀልና አንድ ፋሲካ አልፏል፤ በሁለቱም በልቻለሁ፣ ማግስቱንም ወደ መዝገቤ ተመልሻለሁ። የመጀመሪያው ጊዜ የጣለኝ ክትፎው ሳይሆን «የተከለከለ» የሚለው ቃል ነበር።

ይህን ስል ቅቤ ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። ከስቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ልብና የደም ሥር ሐኪሞች ቀንሱ የሚሉት ዓይነት ነው። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሰው ሐኪሙን እንጂ እኔን አይስማ። የእኔ ተመርምሯል፤ ደኅና ነው ተብዬ ነው የተፈቀደልኝ።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ ትንሽ ነው። በሚቀጥለው ጽሑፍ ሳልሞኑን ተዉትና የእኛን ዕቃ ለኩልን። አንድ እንጀራ ስንት ግራም ነው? የእኔ ቤቱ 340 ግራም መዝኗል፤ የጎረቤቴ ደግሞ 410። በአንድ ጭልፋ ስንት ዘይት ይገባል? የእኔ ጭልፋ ሞልቶ ሲመዘን 58 ግራም ነው። የእናንተን ብታወጡልኝ ከመዝገቤ ጋር አስተያየዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የሒሳብ ሠራተኛዋ አንባቢያችሁ፣ ከሾላ አካባቢ፣ አዲስ አበባ